አይስክሬም ውስጥ የሚጨመረው ኢመልሲፋየር ስቡን ያረጋጋል ወይስ ያናጋል?

ስልባቦት፦

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በአንድ አነስተኛ የአይስክሬም ማምረቻ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ድብልቃችን 10 በመቶ የወተት ስብ፣ 11 በመቶ ገደማ ስብ አልባ የወተት ጠጣር፣ ስኳር፣ ጥቂት የጓር ሙጫ እና አቅራቢያችን በከረጢት የሚያመጣልን የኢመልሲፋየር ዱቄት አለበት። ከረጢቱ ላይ ኢ471 እና ኢ433 የሚል ተጽፏል፤ የመጀመሪያው የሞኖግሊሰራይድና የዳይግሊሰራይድ ድብልቅ፣ ሁለተኛው ደግሞ ፖሊሶርቤት 80 ነው።

ዱቄቱን ሳንጨምር የሠራነው አይስክሬም ከማሽኑ እርጥብና አብረቅራቂ ሆኖ ይወጣል፤ ቅርጹን አይይዝም፤ ወንፊት ላይ ሲቀመጥም ቶሎ ይንጠባጠባል። ዱቄቱ ሲኖርበት ግን ደረቅ ብሎ ይወጣል፣ ሲቀልጥም ቅርጹን እንደያዘ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ግራ ያጋባኝ የቀለጠውን በውሃ አቅጥነን በማይክሮስኮፕ ስናየው ነው። ያለ ዱቄቱ በተሠራው ውስጥ የስብ ጠብታዎቹ አንድ በአንድ ተለያይተው ይታያሉ፤ ዱቄቱ ባለበት ውስጥ ግን እርስ በርስ ተያይዘው ዘለላ ሠርተዋል። እኛ የተማርነው ኢመልሲፋየር ጠብታዎች እንዳይጋጠሙ የሚከላከል ነገር መሆኑን ነው። ታዲያ ለማረጋጋት የተጨመረው ነገር ስቡን እንዴት ሊያጋጥመው ቻለ?

ኮሎይድ፦

ያዩት ትክክል ነው። በአይስክሬም ድብልቅ ውስጥ ጠብታዎቹን የሚያረጋጋው የወተቱ ፕሮቲን ሲሆን፣ ከከረጢቱ የሚመጣው ዱቄት ዋና ሥራ ይህን ፕሮቲን ከጠብታዎቹ ገጽ ላይ በከፊል ማስለቀቅ ነው።

በመጀመሪያ የቦታውን ስፋት እንመልከት። አንድ ኪሎ ድብልቅ 100 ግራም ስብ አለው እንበል፤ ሆሞጂናይዘሩም ስቡን በአማካይ 1 ማይክሮሜትር ስፋት ወዳላቸው ጠብታዎች ከፋፍሎታል እንበል። የጠብታዎቹ ጠቅላላ ገጽ 650 ካሬ ሜትር ገደማ ይመጣል። የወተት ፕሮቲን እንዲህ ያለውን ገጽ ሲሸፍን በአንድ ካሬ ሜትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ነው የሚያስፈልገው፤ ሁለት ብንል 1.3 ግራም ይበቃል ማለት ነው። በዚያው ኪሎ ውስጥ ግን 40 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን አለ። ስለዚህ ሆሞጂናይዘሩ አዲስ ገጽ በሚፈጥርበት ቅጽበት ፕሮቲኑ ተትረፍርፎ ይገኛል፣ ቦታውንም ይይዛል። ከያዙት መካከል የሚበዛው ካዜይን ነው፤ ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉም እርሱ ነው።

አሁን ደግሞ ትንንሾቹን የኢመልሲፋየር ሞለኪዩሎች እናስላ። ፖሊሶርቤት 80 በ0.02 በመቶ ቢገባ በኪሎ 0.2 ግራም ነው። የሞለኪዩሉ ክብደት 1,310 ገደማ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ሞለኪዩል በገጹ ላይ 2 ናኖሜትር ካሬ ያህል ይይዛል ብለን ብንገምት፣ ይህች ቁንጥር 180 ካሬ ሜትር የሚሆን ቦታ ልትሸፍን ትችላለች። ይህም ከጠቅላላው ገጽ ከሩብ በላይ ነው። ሞኖግሊሰራይዱ ሲጨመርበት ፉክክሩ ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ግምቱ ሻካራ ቢሆንም፣ በመቶኛ ሲታይ ኢምንት የሚመስለው መጠን ገጹ ላይ ምን ያህል እንደሚመዝን ያሳያል።

ፕሮቲኑ ከፊል ቦታውን ከለቀቀ በኋላ ጠብታው የሚቀረው ሽፋን ስስ ነው። ካዜይን ወደ ውሃው 10 ናኖሜትር የሚደርስ ጭራ ዘርግቶ ሌላውን ጠብታ ያርቃል፤ የትንንሾቹ ሽፋን ግን ሁለት ናኖሜትር ቢሆን ነው። ከቀዘቀዘው ስብ የወጡ ክሪስታሎች በማሽኑ ውስጥ በሚኖረው መናጥ ይህን ስስ ሽፋን ወግተው ጎረቤት ጠብታ ውስጥ ይገባሉ፤ ፈሳሹ ስብ ደግሞ ሁለቱን እንደ ድልድይ ያያይዛቸዋል። ጠብታዎቹ ሙሉ በሙሉ አይዋሐዱም፤ ተያይዘው የአየር አረፋዎቹን የሚከብ መረብ ይሠራሉ። ያ ዘለላ አይስክሬምዎን ደረቅ ያደረገውና ሲቀልጥ ቅርጹን ያስያዘው መሆኑ ነው።

ስልባቦት፦

ስሌቱን በሚገባ ተረድቼዋለሁ፤ እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። ፕሮቲን ረጅም ሞለኪዩል ነው፤ ገጹን የሚይዘው በአንድ ቦታ ሳይሆን በብዙ ቦታ ነው። ጠብታዎቹን በንጹሕ ውሃ ብናጥባቸው እንኳ ፕሮቲኑ እንደማይለቅ አንብቤአለሁ። ታዲያ አንድ ጭራ ብቻ ያለው ትንሽ ሞለኪዩል ይህን ሁሉ መልሕቅ እንዴት ነቅሎ ይጥላል?

ኮሎይድ፦

ጥያቄው የጉዳዩ እምብርት ነውና ሰፋ አድርጌ ብመልስ አትቀየሙኝ።

በመጀመሪያ ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ። የምግብ ዘይትና ውሃ የሚገናኙበት ገጽ ንጹሕ ሲሆን ውጥረቱ፣ ማለትም ገጹ ስፋቱን ለመቀነስ የሚሳብበት ኃይል፣ 30 ሚሊኒውተን በሜትር አካባቢ ነው። ፕሮቲን ሲሸፍነው ወደ 10 እና 15 መካከል ይወርዳል፤ ከዚያ በታች ማውረድ ለፕሮቲን አስቸጋሪ ነው፣ ምክንያቱም ውሃ ጠል ክፍሎቹ በሰንሰለቱ ላይ ተበታትነው ስለሚገኙና ገጹን ጥቅጥቅ አድርገው መሙላት ስለማይችሉ። ሞኖግሊሰራይድና ፖሊሶርቤት ግን ጭራቸውን ወደ ስቡ፣ ራሳቸውን ወደ ውሃው አድርገው ተጠጋግተው ስለሚቆሙ ውጥረቱን ከዚያ በታች ያወርዱታል። ሥርዓቱ ዝቅተኛ ጉልበት ወዳለበት ያደላል፤ ስለዚህ በቂ ትንንሽ ሞለኪዩሎች ካሉ መጨረሻው የታወቀ ነው። ያልታወቀው መንገዱ ነበር።

መንገዱን ያሳዩት በእንግሊዝ ኖሪች በሚገኘው የምግብ ምርምር ተቋም የነበሩት ማኪ፣ ጋኒንግ፣ ዋይልድና ሞሪስ ናቸው። በ1999 ባሳተሙት ጥናት የፕሮቲኑን ስስ ሽፋን ትንሹ ኢመልሲፋየር እየገባበት ሳለ በየደረጃው እያነሡ ገጽን በስል መርፌ እየዳሰሰ ምስል በሚሠራው በአቶሚክ ኃይል ማይክሮስኮፕ ተመለከቱት። ያዩት ነገር አንድ ሞለኪዩል አንድ ሞለኪዩልን ሲተካ አልነበረም። በገጹ ላይ ያሉ ፕሮቲኖች እርስ በርሳቸው ተያይዘው መረብ ይሠራሉ፤ መረቡ ግን ቀዳዳዎች አሉት። ኢመልሲፋየሩ በመጀመሪያ እነዚህን ቀዳዳዎች ይይዛል፤ ከዚያም በዙሪያቸው እየተስፋፋ ፕሮቲኑን ወደ ጎን ይገፋዋል። በዚህ ጊዜ ፕሮቲኑ ከገጹ ገና አልወጣም፤ የያዘው ስፋት እየጠበበ ሲሄድ ውፍረቱ ይጨምራል፣ መልሕቆቹም ብዙዎቹ እንዳሉ ናቸው። ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ መረቡ መሸከም ከሚችለው ሲያልፍ ይበጠስና ፕሮቲኑ በቁርጥራጭ ወደ ውሃው ይወርዳል። ተመራማሪዎቹ ሁኔታውን ከተራራ አፈጣጠር ጋር አመሳስለው ኦሮጀኒክ ብለውታል፤ ቀጥሎም ይኸው በዘይትና በውሃ መካከል ባለው ገጽ ላይ እንደሚታይ አሳይተዋል።

ስለዚህ ለጥያቄዎ መልሱ፣ ትንሹ ሞለኪዩል መልሕቆቹን አንድ በአንድ አይነቅልም የሚል ነው። መሬቱን ከሥራቸው እያጠበበ መረቡ በራሱ ጭነት እንዲሰበር ያደርጋል። ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይከተላል፤ ፕሮቲን በቀላሉ መውጣት አለመውጣቱን የሚወስነው በአብዛኛው ከጎረቤቱ ጋር ያለው ትስስር ጥንካሬ እንጂ ከገጹ ጋር ያለው ብቻ አይደለም።

አጓት፦

ውይይታችሁን በጉጉት እየተከታተልኩ ነው። የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ለእኔ ችግር ቁልፍ ሳትሆን አትቀርም። እኔ የምሠራው በአጓት ፕሮቲን ዱቄት ላይ የተመሠረተ፣ አረፋ ያለው የቡና መጠጥ ነው። የአጓት ፕሮቲኑ ብቻውን ጥሩ አረፋ ይይዛል፤ ኢመልሲፋየሩም በበቂ መጠን ብቻውን ሲሆን ይይዛል። ከፕሮቲኑ ጋር ጥቂት ፖሊሶርቤት ሳቀላቅል ግን አረፋው ወዲያው ይከስማል። ሁለት የሚያረጋጉ ነገሮች ተደምረው የከፋ ውጤት የሰጡት ስለምንድን ነው? በአየርና በውሃ መካከል ያለው ገጽ ከዘይቱ የተለየ ሕግ አለው ወይ?

ኮሎይድ፦

ሕጉ አንድ ነው፤ በአየር ገጽ ላይ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል እንጂ። ፕሮቲንና ትንሽ ኢመልሲፋየር ሽፋንን የሚጠብቁት በተቃራኒ ስልት ነው። ፕሮቲን የሚጠብቀው ባለመንቀሳቀስ ነው፤ ተያይዞ ጠንከር ያለና የሚለጠጥ ቆዳ ይሆናል። ኢመልሲፋየር የሚጠብቀው በመንቀሳቀስ ነው፤ ሽፋኑ አንድ ቦታ ሲሳሳ በዚያ በኩል ውጥረቱ ከፍ ስለሚል፣ ሞለኪዩሎቹ ከጎረቤት ቦታ ውሃ እየጎተቱ ፈጥነው ይሄዱና የሳሳውን ይሞሉታል። ይህ የማራንጎኒ ክስተት የሚባለው ነው። ጥቂት ፖሊሶርቤት የፕሮቲኑን መረብ ይቆራርጠዋል፣ ነገር ግን በራሱ ስልት ገጹን ለመጠበቅ አይበቃም፤ የተቆራረጠው ፕሮቲን ደግሞ እንቅስቃሴውን ያደናቅፍበታል። ስለዚህ መጠኑን ከፍ ካደረጉ አረፋው እንደገና ሊመለስ ይችላል፤ የከፋው ቦታ መሐሉ ነው።

ስለ አጓት ፕሮቲን ደግሞ፦ ዋናው ቤታ ላክቶግሎቡሊን 162 አሚኖ አሲድ ያለው፣ ተጠቅልሎ የተቋጠረ ሞለኪዩል ነው። ውስጡ ሁለት የዳይሰልፋይድ ድልድዮች (ሁለት የሰልፈር አቶሞች የሚያያዙባቸው) እና አንድ ነፃ የታዮል ቡድን (ሰልፈርና ሃይድሮጅን ያለው) አሉት። ገጹ ላይ ሲፈታ ወይም ከ70 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ታዮሉ ይጋለጥና ከጎረቤት ሞለኪዩል ድልድይ ጋር ይለዋወጣል፤ ስለዚህ መረቡ በእውነተኛ ኬሚካዊ ትስስር ይያያዛል። ከካዜይን ዓይነቶች አንዱ የሆነው ቤታ ካዜይን ግን 209 አሚኖ አሲድ ቢኖረውም ታዮል የሚሸከመው አሚኖ አሲድ፣ ሲስቴይን፣ አንድም የለውም፤ ቋጠሮም የለውም፤ ከጎረቤቱ ጋር ያለው ትስስር ልል ነው። በኖሪች ምስሎች ላይ ኢመልሲፋየሩ በቤታ ካዜይን ሽፋን ውስጥ ሲስፋፋ ክብ ክብ ደሴቶች ይሠራል፤ በቤታ ላክቶግሎቡሊን ውስጥ ግን ደሴቶቹ ጠርዛቸው የተዛባ ነው፣ ደካማ ቦታ እየፈለገ የሚሄድ ስንጥቅ ይመስላል። ቤታ ካዜይኑም በዝቅተኛ ግፊት ቀድሞ ይለቃል። ቤታ ላክቶግሎቡሊን ገጹ ላይ በቆየ ቁጥር ወይም በሞቀ ቁጥር ለማስለቀቅ እየከበደ እንደሚሄድ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የእነ ዲክንሰን ሥራዎችም አሳይተዋል።

ፕሮቲኖቹ እርስ በርሳቸውም ይፎካከራሉ። ቤታ ካዜይን ዘግይቶ ቢመጣም ሌላውን የካዜይን ዓይነት፣ አልፋ ኤስ1 ካዜይንን፣ ከገጹ ላይ ሊተካው ይችላል፤ ሁለቱ ልል ስለሆኑ ይለዋወጣሉ። ከቤታ ላክቶግሎቡሊንና ከሌላው የአጓት ፕሮቲን ከአልፋ ላክታልቡሚን ግን በአብዛኛው ቀድሞ የደረሰው እንደያዘ ይቀራል።

የጓዳ ኬሚስት፦

ከርዕሱ ብዙ ባልወጣ፣ ይህ ነገር ቤታችንም ውስጥ አለ። ከአዲስ አበባ ሱቅ የተገዛ ሆሞጂናይዝድ የታሸገ ወተት አርግቶ ለመናጥ የሞከረ ሰው ቅቤው እንደማይሰበሰብለት ያውቃል። ብዙዎች ወተቱ ስብ የለውም ብለው ይደመድማሉ። ስቡ አለ፤ ገጹ ግን ሌላ ሆኗል። ላሟ የሰጠችው የስብ ጠብታ በአማካይ 4 ማይክሮሜትር ገደማ ሲሆን፣ የተጠቀለለበት ሽፋን ፎስፎሊፒድ (ውሃ ወዳድ ራስ ያለው የስብ ዓይነት) እና የራሱ ፕሮቲኖች ያሉት ነው፤ እርጎው በቅል ሲናጥ ያ ሽፋን ይቀደድና ስቡ ይያያዛል። ሆሞጂናይዘር ሲያልፍበት ጠብታው ከአንድ ማይክሮሜትር በታች ይሆናል፣ የድሮው ሽፋን ለአዲሱ ሰፊ ገጽ ስለማይበቃ ካዜይን ክፍተቱን ይሞላል። ወተቱ ሲረጋ ደግሞ ያ ካዜይን ከእርጎው መረብ ጋር ይተሳሰራልና ጠብታው እዚያው ታስሮ ይቀራል። አይስክሬም ሠሪው ኢመልሲፋየር የሚጨምረው፣ ሆሞጂናይዘሩ ያጠፋውን የመናጥ ችሎታ በመጠኑ ለመመለስ ነው ማለት ይቻላል።

ኮሎይድ፦

በዚህ አገላለጽ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ተፈጥሯዊ፦

ሁላችሁም ፖሊሶርቤትን እንደ ግዴታ ነው የምታወሩት። እኔ በምሠራበት ቦታ ደንበኞች መለያው ላይ ቁጥር ያለው ነገር ማየት አይወዱም፤ ስለዚህ በአኩሪ አተር ሌሲቲን እንተካው ብያለሁ። ሌሲቲን ፎስፎሊፒድ ነው፣ ወተቱ ራሱ ያለው ነገር ነው። የጓዳ ኬሚስት እንዳሉት የመጀመሪያው የጠብታ ሽፋን ከእርሱ የተሠራ ከሆነ፣ ወደ ተፈጥሮው መመለሳችን አይደለምን?

ኮሎይድ፦

ሐሳብዎ መልካም ቢሆንም ሁለት ነገር ልጨምርበት። የመጀመሪያው፣ ሌሲቲንም ኢ322 የሚል ቁጥር አለው፤ ደንበኛው ቁጥር ከጠላ ስሙን በፊደል መጻፍ ይኖርብዎታል። ሁለተኛውና ዋናው፣ ሌሲቲን የወተት ፕሮቲንን ከገጽ ላይ በማስለቀቅ ረገድ ከሞኖግሊሰራይድም ከፖሊሶርቤትም ደካማ ነው። በውሃ ውስጥ ነጠላ ሆኖ ከመንቀሳቀስ ይልቅ በንብርብር ተጠቃሎ መቆየትን ስለሚመርጥ ወደ ገጹ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ከፕሮቲን ጋርም ይያያዛል። በግራም ልክ ቢተኩት ያንኑ መናጋት አያገኙም።

የእንቁላል አስኳል ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ዱቄቶች ሳይኖሩ አይስክሬም የሚሠራው በአስኳል ነበር፤ ፎስፎሊፒዱ ከፕሮቲን ጋር ተዋቅሮ በሚገኝበት መልክ ይሠራል። መጠኑ ብዙ ነው፣ ዋጋውም ጣዕሙም ይለወጣል።

ተፈጥሯዊ፦

አስኳሉን እሞክራለሁ። ስለ ሌሲቲኑ ግን አልተረታሁም፤ ከሞኖግሊሰራይድ ጋር ተደባልቆ ሲገባ ይሻላል የሚል እምነት አለኝ።

ሥርዓተ ምግብ፦

በጤናው በኩል አንዲት ነጥብ ብቻ። ይኸው ፉክክር ሆድ ውስጥም ይቀጥላል። የጠጣነው ወተት ትንሹ አንጀት ሲደርስ በጠብታዎቹ ላይ የቀረውን ፕሮቲን የሐሞት ጨዎች በዚሁ መንገድ ይገፉታል፤ ጨዎቹ ግን በጣም ጎበዝ ስለሆኑ ስብ ፈጪውን ኢንዛይም ሊፔዝንም ከገጹ ያባርሩታል። ኮሊፔዝ የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ባይኖር ኖሮ ሊፔዝ ቦታ አያገኝም ነበር፤ እርሱ ነው በሐሞት ጨው በተሸፈነ ገጽ ላይ ሊፔዝን የሚያስቀምጠው። ስለዚህ የስብ መፈጨት ፍጥነት በከፊል የሚወሰነው ገጹን ማን ይዞታል በሚለው ነው።

ስልባቦት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ሥራዬ ልመለስና ሁለት ተግባራዊ ነገር ልጠይቅ። የመጀመሪያው፣ ፍላጎት ሲበዛ ድብልቁን ከፓስቸራይዜሽን በኋላ አቀዝቅዘን ብዙ ሳናቆየው ወደ ማሽኑ እናስገባዋለን፤ በእነዚያ ቀናት ዱቄቱ በቂ ቢሆንም ምርቱ እርጥብ ይወጣል። ሁለተኛው፣ ይህን ለመካስ ፖሊሶርቤቱን ብንጨምርስ?

ኮሎይድ፦

ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው። ሙቅ በሆነ ድብልቅ ውስጥ ሞኖግሊሰራይዱ በስቡ ውስጥ ሟሙቶ ነው የሚቀመጠው፤ ገጹ ላይ ያለው ጥቂት ነው። ስቡ ወደ 4 ዲግሪ ሲወርድ የሟሚነት ቦታው ይጠባልና ወደ ገጹ ይወጣል፣ ፕሮቲኑን የሚገፋውም ያኔ ነው። በዚያው ጊዜ ስቡ ይረጋል፤ ክሪስታል ከሌለ ደግሞ ጠብታን የሚወጋ ነገር የለም። ሁለቱም ጊዜ ይፈልጋሉ። የወተት ስብ በጠብታ ውስጥ ተከፋፍሎ ሲገኝ በጅምላ ካለው ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚረጋው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጠብታ የራሱን የክሪስታል መነሻ ማግኘት አለበት። በ4 ዲግሪ ቢያንስ 4 ሰዓት ሳያቆዩ ወደ ማሽኑ አያስገቡት፤ ሌሊቱን ቢያድር የተሻለ ነው።

ፖሊሶርቤቱን መጨመር የጎደለውን ክሪስታል አይተካም። እርሱ በውሃው በኩል የሚመጣና በማንኛውም ሙቀት የሚሠራ ስለሆነ ፕሮቲኑን ቀድሞ ያነሣዋል፤ ስቡ ግን ገና ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ ጠብታዎች ሲጋጠሙ መረብ አይሠሩም፤ ሙሉ በሙሉ ተዋሕደው ትልቅ ጠብታ ይሆናሉ፤ ያ አረፋውን አይደግፍም። በደንብ በቆየ ድብልቅ ላይ ከበዛ ደግሞ ተቃራኒው ይደርስብዎታል፤ መናጡ አልፎ ይሄድና ምላስ ላይ የሚሰማ የቅቤ ቅንጣት ይፈጠራል። በአሜሪካ ደንብ በበረዶ ጣፋጮች ውስጥ የፖሊሶርቤት 80 ጣሪያ 0.1 በመቶ ነው፤ በጥሩ ድብልቅ ውስጥ ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ይበቃል።

ሆሞጂናይዘርዎንም ይፈትሹ። ግፊቱ ወርዶ ጠብታዎቹ ከተለመደው ሁለት እጥፍ ቢሰፉ ጠቅላላው ገጽ በግማሽ ይቀንሳል፤ ያው የዱቄት መጠን ለግማሽ ገጽ ሲደርስ ፕሮቲኑን ከሚፈለገው በላይ ያራቁተዋል። ግፊቱ ከፍ ካለ ደግሞ ዱቄቱ ያንሳል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ሳያረጋግጡ የምግብ አዘገጃጀቱን ባይነኩ እመክራለሁ።

ማረጋገጫ ከፈለጉ ከቆየው ድብልቅና ገና ከቀዘቀዘው ናሙና ወስደው በውሃ አቅጥነው በሴንትሪፊዩጅ ያሽከርክሩ፤ ስቡ ከላይ ይሰበሰባል። ከታች የቀረውን ፈሳሽ ፕሮቲን በለመዱት ዘዴ ይለኩ። የቆየው ናሙና ከታች የበለጠ ፕሮቲን ካሳየ፣ ልዩነቱ ከጠብታዎቹ ገጽ የለቀቀው ነው። የመጀመሪያውን ልኬት ዱቄት በሌለበት ድብልቅ ላይ ያድርጉት፣ ማነጻጸሪያ እንዲሆንዎት።

ስልባቦት፦

ሴንትሪፊዩጁ አለን። ዱቄት ያለበትንና የሌለበትን፣ የቆየውንና ያልቆየውን ለይቼ ሰኞ እጀምራለሁ፤ ቁጥሮቹን እዚሁ እለጥፋለሁ።